መሪ የሌለው መኪና

ስድስት ጎማ አለው፤ መሪ የለውም። ባሌስትራ የለውም፤ በርም የለውም፤ እንደ ገንዳ ከላይ ተረግጦ ይገባበታል። ጭቃ ላይ ይሄዳል፣ በረዶ ላይ ይሄዳል፣ ሐይቅ ሲያጋጥመው ደግሞ ሳይቆም ገብቶ ይንሳፈፋል። ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ መጨረሻ ላይ ታላቅ ወንድሜ በ71 ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲጠግኑ መክረማቸውን አንድ መስመር ጣል አድርጌ ማለፌን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ የደወላችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አንድ አባት «መኪና ነው ጀልባ?» አሉኝ። አንዲት አያት ደግሞ «ሰውዬውን ምን ነካቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በተራ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ይህ ተሽከርካሪ የሰሜን አሜሪካ ልጅ ነው። አገሩ ሐይቅና ረግረግ የሞላበት፣ በረዶ ለወራት የሚተኛበት ነውና አዳኙም ዓሣ አጥማጁም መኪናው ከቆመበት ወዲያ የሚወስደው ነገር ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ጂገር የሚባል ባለ ስድስት ጎማ ትንሽ ተሽከርካሪ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ በካናዳም በአሜሪካም እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ አምፊካት፣ አቴክስ፣ ማክስ፣ አርጎ። አርጎ የተባለው በ1967 ኦንታሪዮ ውስጥ ኒው ሃምበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ መሠራት ጀመረ፤ ዛሬም ይሠራል። አምፊካት ደግሞ በ1968 በጀመረ «ዘ ባናና ስፕሊትስ» በተባለ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተውቦና ተቀባብቶ ታየ። ያን ያየ ልጅ አባቱን ሳያስቸግር የቀረ አይመስለኝም።

ደስታው ረጅም አልነበረም። በ1970 ሆንዳ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጋለብ ባለ ሦስት ጎማውን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ አዋለ፤ ዛሬ በየመዝናኛው የምታዩት ባለ አራት ጎማ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። በ1973 መገባደጃ ደግሞ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። ለጨዋታ የሚሆን ቤንዚን ጠፋ፤ ከነዚህ ትንንሽ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በ70ዎቹ ውስጥ አንድ በአንድ ተዘጉ። ያ የነዳጅ ዋጋ እኛንም አልማረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ተወደደብን ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባለ ስድስት ጎማዎቹም ያኔ ወደየገበሬው ጎተራ ገቡ፤ ላያቸው ላይ ገለባ ተከመረ፤ አይጥ ወለደባቸው።

ያለ መሪ እንዴት ይታጠፋል ላላችሁኝ፦ እንደ ታንክ ነው። በየአብዮት በዓሉ ሰልፍ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ታንክ ጎማውን አያዞርም፣ የአንዱን ጎን ሰንሰለት ይይዝና በሌላው ይገፋል። ይኸኛውም በነጂው ፊት ሁለት ዘንጎች አሉት። የግራውን ስትስቡ በግራ ያሉት ሦስት ጎማዎች ይያዛሉ፣ የቀኞቹ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ፣ ተሽከርካሪው ወደ ግራ ይዞራል። ሁለቱንም ስትስቡ ይቆማል። ሞተሩ በጎማ ቺንጋ አማካይነት ካምቢዮውን ያዞራል፤ ከካምቢዮው የሚነሱ ሰንሰለቶች ደግሞ በገንዳው ውስጥ ተዘርግተው ስድስቱንም ጎማ ያሽከረክራሉ።

የሚንሳፈፍበት ምክንያት ባዶ ድስት የሚንሳፈፍበት ነው። ተሽከርካሪው 200 ኪሎ፣ የተሳፈሩት ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ ቢሆኑ 350 ሊትር ውሃ ገፍቶ ቦታውን መያዝ አለበት፤ ገንዳውና በአየር የተነፉት ጎማዎች ይህን ያደርጋሉ። ቀዘፋውም በጎማ ነው። በጎማው ላይ ያለው ጥርስ ውሃውን እየቧጠጠ ይገፋል። ፍጥነቱ ግን ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይስቅበታል፤ ከእግረኛ እርምጃ አይበልጥም። ንፋስ ከመጣ ደግሞ እሱ ወደፈለገው ሳይሆን ንፋሱ ወደፈለገው ነው የሚሄደው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ አያትየዋ ጥያቄ ልምጣ፤ ሰውዬውን ምን ነካቸው?

ጋሼ (እኔ ወንድሜን የምጠራቸው እንዲህ ነው) 38 ዓመት የሠሩት አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ፊያት፣ ፔጆ፣ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ በኋላም ቶዮታ ከእጃቸው ያላለፈ የለም። የዛሬ አምስት ዓመት ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጃቸው ኦንታሪዮ ወሰደቻቸው። ደግ ልጅ ናት። የሞቀ ክፍል ሰጠቻቸው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስገባችላቸው፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳቸዋለች። ግን የእጃቸውን ሥራ ማን ይስጣቸው? እዚያ አገር መኪና ሲበላሽ ኮምፒዩተር ይሰካበታል። ጋሼ ሞተር በጆሯቸው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የአማቻቸውን መኪና መክፈቻ ከፍተው ሲያዩ ሁሉም ነገር በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ዘግተውት ገቡ። ከዚያ በኋላ መስኮት አጠገብ መቀመጥ አበዙ። በስልክ «እንዴት ነህ?» ሲባሉ «አለሁ፣ እንደ ዕቃ» ማለት ጀመሩ። ወላጆቻችሁን ውጭ አገር የወሰዳችሁ ልጆች ይህችን መልስ ታውቋታላችሁ።

የልጅ ልጃቸው 13 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። አያቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ አይሰሙም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በልተው ይነሳሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው «ብላ» እና «እሺ» ነው።

ያ ተሽከርካሪ የመጣው በአንድ ጎረቤት ነው። አዛውንቱ ፈረንጅ የእርሻ ጎተራቸውን ሲያጸዱ ከሥር ወጣ። «የሚጭነው ካገኘሁ በነፃ» አሉ። የፋብሪካውን ስም ማስታወቂያም ክስም እንዳይሆንብኝ እተወዋለሁ፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ዘመዶች አንዱ ነው በሉት። ሦስት ጎማው ተንፍሷል፣ ገንዳው ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ሞተሩ ተነክሶ አልዞር ብሏል፣ ወንበሩን አይጥ ጨርሶታል። የልጁ እናት አይታ «አባዬ፣ ይህን ቆሻሻ የት ልናስቀምጠው ነው?» አለች። ጋሼ አልመለሱላትም። ካንዴላውን ፈትተው በቀዳዳው ወደ ውስጥ እያዩ ነበር።

እኔ የደረስኩት ይህ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነውና ሐምሌና ነሐሴን እዚያው ከረምኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የተነከሰ ሞተር በመዶሻ አይከፈትም። ጋሼ በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨመሩና ተዉት። በየቀኑ ጠዋት ልጁ ይወጣና ዘንጉን በእጁ ይሞክራል፤ አይዞርም፤ ይገባል። ልጁ በሦስተኛው ቀን በብረት ካልደገፍነው ብሎ ነበር አሉ። በዘጠነኛው ቀን ትንሽ ነቃ አለ። ስልኩን በአንድ ጣት ነክቶ ሁሉ ነገር የሚመጣለት ልጅ ዘጠኝ ቀን አንድ ነገር መጠበቁ ለኔ ከሞተሩ መንቃት የበለጠ ነው፤ እናቱም ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተለውጧል።

ከዚያ መፍታት መጣ። ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው፤ ፎቶ ያልተነሳ ነገር አይፈታም። ቀድሞ እሳቸው በወረቀት ይስሉት ነበር፤ አሁን ልጁ በስልኩ ያነሳዋል። የተፈታው ቡሎን ሁሉ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በላዩ ይጻፍበታል። መጀመሪያ ልጁ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ አያትየው ማንበብ አቃታቸው። ቀጥሎ አያትየው በአማርኛ ጻፉ፣ ልጁ ማንበብ አቃተው። በመጨረሻ በሁለቱም ተጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ «አባባ፣ ካቻቢቴ ላምጣ? ዳዶው ጠፋ፤ ኩሽኔታው ግራሶ ይፈልጋል» ማለት ጀመረ። እናቱ ደስታዋን አልቻለችም፤ «አክስቴ፣ ልጄ አማርኛ ተናገረልኝ!» ብላ አቀፈችኝ። ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን ጣሊያን ለጋራዦቻችን ጥሎልን የሄደው ቃል መሆኑን ስነግራት ደግሞ በሳቅ ወደቀች። ልጁ አማርኛ ተማረ ስንል ለካ ጣሊያንኛ ነው የተማረው! ግድ የለም፤ «ላምጣ» እና «ይፈልጋል» የኛ ናቸው።

ኩሽኔታዎቹ ጋሼን ያስጨነቁ መስለውኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፋብሪካው የተረሳ ዕቃ መለዋወጫ ከየት ይገኛል? እሳቸው ግን አንዱን አጥበው ወደ ብርሃን አዞሩትና ጠርዙ ላይ የተመታውን ቁጥር ለልጁ አሳዩት። ኩሽኔታና ሰንሰለት በዓለም ዙሪያ በቁጥር ነው የሚሸጠው፤ የውሃ ፓምፕም ላይ ይግባ የእህል ወፍጮ ላይ ቁጥሩ ከገጠመ ገጠመ። ልጁ ቁጥሩን በስልኩ ፈለገ፤ እዚያው ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ከቁጥር የበለጠ የሚያምነው ነገር የለም።

ሞተሩ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የዱሮ ቬስፓ የነዳችሁ አባቶች ይህን ሽታ ሳነሳ ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዘይቱ ሲበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል። ልኩ በሞተሩ መመሪያ የተጻፈው ነው፤ በግምት አይሆንም። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደግሞ በዓመታት እንደ ሙጫ ደርቆ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። የልጅ ዓይንና የልጅ ጣት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ሙሉ በሙሉ ለእሱ ለቀቁለት። የምር ሥራ ነበር የሰጡት። ልጆች ዕቃ አቀባይ ብቻ ሲሆኑ ይሰለቻቸዋል፤ ከነሱ በቀር ማንም የማይሠራው ሥራ ሲኖር ግን ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ከሁሉ የወደድኩት የገንዳው ጥገና ነው። የዚያ ዘመን የብዙዎቹ አካል ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል፤ ነገር ግን በአሴቶን ይሟሟል። ስለዚህ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ስንጥቁ ከዚያ እንዳያልፍ። ከዚያ የኤቢኤስ ስብርባሪ በአሴቶን ውስጥ አድሮ እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን በስንጥቁ ላይ ይቀባል፤ አሴቶኑ ተንኖ ሲሄድ የሚቀረው ራሱ ፕላስቲኩ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ መጣፊያ ይለጠፍበታል። የኤቢኤስ ስብርባሪ ከየት ይመጣል? ልጁ ወደ ክፍሉ ሮጦ ከአልጋው ሥር የሌጎ ሳጥኑን አወጣ። ሌጎ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው! ጥቁር ጥቁሩን እየመረጠ ማሰሮው ውስጥ ጣለ። እናቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። ስድስት ዓመት ሲሞላው የገዛችለት ነበር። «ያችን ትንሿን መኪና ብቻ ተዋት» አለችው፤ ተዋት።

ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፕላስቲክ ሁሉ ኤቢኤስ አይደለም። ፖሊኤቲሊን ከሆነ በዚህ ሙጫ አይያዝም፣ በሙቀት መበየድ አለበት። በማይታይ ቦታ አንዲት ጠብታ አሴቶን ጣል አድርጋችሁ ተጣባቂ ከሆነ ኤቢኤስ ነው። አሴቶን ደግሞ እንደ ቤንዚን በእሳት ይያያዛል፤ ከቤት ውጭ፣ በጓንት፣ ከሲጋራና ከምድጃ ርቆ ነው የሚሠራው።

ስለ አደጋ ካነሳሁ አይቀር አንድ የታዘብኩትን ልጨምር። የፍሬኑን ሸራ ሲያወጡ በላዩ ጥቁር ትቢያ ነበር። ጋሼ እንደ 38 ዓመት ልማዳቸው በአየር ሊነፉት ቱቦውን አነሱ። ልጁ እጃቸውን ያዘ። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ እንዳለበት፣ ትቢያው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚገድል አንብቦ ነበር። እንዲህ ያለው ትቢያ አይነፋም፣ በደረቁም አይጠረግም፤ ረጥቦ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል፣ ጨርቁም በፕላስቲክ ታስሮ ይጣላል። ጋሼ ቱቦውን አስቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ አብረዋቸው የሠሩ የሦስት ሰዎችን ስም ጠሩ። ሁሉም በሳል የሞቱ ናቸው። ሳሉ ከምን እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ጋሼም አላሉም፤ ስማቸውን ብቻ ነው የጠሩት። ያን ዕለት ሥራ ቀደም ብሎ ቆመ።

ሞተሩ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ተነሳ። ከጋራዡ ውጭ አውጥተው ነው ያስነሱት። ከሰል አክስሎ በር ዘግቶ መተኛት የስንቱን ቤተሰብ ቤት እንደዘጋ እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ የሞተር ጭስም ያው ገዳይ ጋዝ አለበት። ድምፁን አልገልጽላችሁም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ቆሙ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት አላየሁትም ነበር።

ጠቡ የመጣው በማግስቱ ነው።

አያትና የልጅ ልጅ ወደ ሐይቅ ለመሄድ ዕቃ ሲጭኑ እናትየው ደረሰች። «የት ነው?» አለች። ተነገራት። «አይሆንም» አለች። ጋሼ ሳቁ። ሳትስቅ ቆመች። «ሠርቼ ጨርሼዋለሁ፤ እያንዳንዷን ቡሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በእጄ አታምኚም?» አሏት። «አባዬ፣ በእጅዎ አምናለሁ። ዋና ይችላሉ?» አለቻቸው።

አይችሉም። ልጁም በደንብ አይችልም።

ጋሼ ሦስት ቀን አልተናገሯትም። ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ልጁም በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ አባቷ ሰው ሆነው የተነሱበትን ነገር በአንድ ቃል የገደለች መሰላት። እኔ መካከል ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱም ፍረጂ አሉኝ። የፈረድኩት ለሷ ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ አያቶች መሆናቸውን እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ጋሼ በማሽኑ ላይ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ስለ ማሽኑ አልነበረም፤ ስለ ውሃው ነበር። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። ያ ተሽከርካሪ ውሃ ላይ ከእግረኛ አይፈጥንም፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ሞተሩ ከጠፋ ገንዳ ነው። የአሜሪካም የካናዳም የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ደግሞ ልጆች 16 ዓመት ሳይሞላቸው ከመንገድ ውጭ የሚነዱ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎችን እንዳይነዱ ይመክራሉ፤ ይህም በደረቅ መሬት ነው። በልጅ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእናትና የአባት ነው። አያት ምክር ይሰጣል፣ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይሰማል።

ግን «አይሆንም» ብሎ መቅረትም መልስ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ምሽት እሷ ራሷ ቡና አፈላችና ቁጭ አሉ። እንዴት ቢሆን ይሆናል የሚለውን ጠየቀቻቸው፤ የጋሼን ፊት የመለሰው ይህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲከራከሩ አመሹ። ሐይቁ ቀርቶ የጎረቤትየው የከብት ኩሬ ሆነ፤ ጥልቀቱ ለአዋቂ ደረት አይደርስም፣ ንፋስ አይገባበትም። ነጂው የልጁ አባት ሆነ፤ መካኒክነት አይሆንለትም፣ ዋና ግን ይችላል። ልጁ አጠገቡ ይቀመጣል፤ በመሬት ላይ የራስ መከላከያ፣ በውሃ ላይ ተንሳፋፊ ሰደርያ። ዘንጎቹን እስከ 16 ዓመቱ አይነካም። ዋና ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ይማራል። ጋሼ? ጋሼ ዳር ላይ ቆመው ከተሽከርካሪው የታሰረውን ገመድ ይይዛሉ። «እኔም ሰደርያ ልለብስ ነው?» አሉ። «አዎ፣ አባዬ» አለቻቸው። ለበሱ። ብርቱካናማ ነው፤ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ እንዳላወጣው አስምለውኛል።

ከዚያ በፊት ግን ጋሼ ያለ ፈተና ውሃ አይነካም አሉ። ሞተሩን መልሰው አወጡት፣ ገንዳውን በግንድ ላይ አስቀመጡና ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ውሃ ሞሉት፤ የጎማዎቹ ዘንጎች ከሚወጡባቸው ስድስት ቀዳዳዎች በላይ እስኪደርስ። እዚያ ላይ የሚያልፍ ጠብታ ካለ በደረቅ መሬት ይታያል። ሁለቱ አፈሰሱ። ፈትተው ቀየሩ፣ ደግመው ሞሉ፣ ደረቀ። ጎማዎቹንም በብስክሌት ፓምፕ ነፉ። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ሲይዝ ይህ የሚይዘው 2 ገደማ ነው፤ በኮምፕሬሰር የነፋ ሰው ሊያፈነዳው ይችላል። ባሌስትራ የሌለውም ለዚህ ነው፤ ያ ለስላሳ ጎማ ራሱ ባሌስትራው ነው።

ኩሬው ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዞሩ። አባትየው ግራና ቀኙን አምታቶ ሁለት ጊዜ እዚያው በቦታው ተሽከረከረ፤ ልጁ በአማርኛም በጣሊያንኛም ያዘዋል። ላሞቹ መጥተው አዩ። ጋሼ ገመዱን አንዴ እያላሉ አንዴ እየሰበሰቡ በዳር በዳር ሄዱ። እናትየው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አወረደችው።

ሲወጡ ወለሉ ላይ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ተገኘ። የኋላው ግራ። ቆሞ ሲፈተን ደረቅ ነበር፤ ሲሽከረከር ግን የዘንጉ ላስቲክ ያሳልፋል። ጋሼ እንደማዘን ፋንታ ደስ አላቸው፤ ሥራ ገና አላለቀማ!

እኔ ጳጉሜን ላይ ተመለስኩ። ለዚያ ልጅና ለእነዚያ አያት የሆነው እዚህ እንዲሆን የግድ ከጎተራ የወጣ ባለ ስድስት ጎማ አያስፈልግም። የቆመ ቬስፓ ያለው ቤት አውቃለሁ፤ መርፌዋ የተነከሰ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና አልጋ ሥር ያላት አያት አውቃለሁ። ትርፍ አለው ብላችሁ ግን አትግቡበት። ጋሼ ለመለዋወጫ ያወጡትን ለልጃቸው በግማሹ ነው የነገሯት፤ ይህን ጋዜጣ እዚያ እንደማታነበው ተስፋ አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ደወሉልኝ። ላስቲኩን የሸጠላቸው ሱቅ ያን ልክ ጨርሷል፣ ሦስት ሳምንት ጠብቁ ብሏቸዋል። «ሦስት ሳምንት ምን ያደርጋል? ሶማሌ ተራ ሄደሽ ቁጥሩን አሳዪልኝ» አሉኝ። ቁጥሩን የላከልኝ ልጁ ነው፤ ሥሩ ላይ በአማርኛ ፊደል «አክስቴ እባክሽ» ብሎ ጽፏል፤ «ባክ» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ አላረምኩትም።

ሄድኩ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ወጣት ስልኬን አይቶ «የውሃ ፓምፕ ነው፣ እማማ?» አለኝና ከኋላው ካለው ሳጥን አንዱን አውጥቶ በካሊፐር ለካው፤ ልክ ነው። ሁለት ገዛሁ። እሑድ ማታ ቶሮንቶ የምትበር ጎረቤት አለችኝ፤ በርበሬና ሽሮ እንድታደርስልኝ ቀድሜ ለምኛት ነበር። ላስቲኮቹ ከበርበሬው ጋር እንዳይነካኩ በሁለት ፌስታል ጠቅልያቸዋለሁ።